ሐና ኦዳ የምትባለዋ ጃፓናዊት

ወደ አሜሪካ ልሄድ ከናዝሬት የወጣሁት ሊመሽ ሲል፣ ሰው ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ነው። ዛሬ አዳማ እንደምትሏት አውቃለሁ፤ ፓስፖርቴ ላይ የተጻፈው ግን ናዝሬት ነው፣ ቃሉም በኋላ ጉድ ስላመጣብኝ ለዛሬ ናዝሬት ልበላትና ታገሱኝ። ኮሮና የሚሉት ነገር ገና የቻይና ዜና ነበር። ሚኒባሱ ተጭኖ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ አባቴ ብቻ አልወጣ አለ። ለካ ጓዳ ገብቶ ሸሚዝ እየቀየረ ነው። አባቴ አቶ ኦዳ ይባላል፤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ዕድሜውን ሙሉ ክሬን ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቀልድ የማይሆንለት ሰው ነው። ኦዳ በኦሮምኛ ሾላ ማለት ነው፣ ትልቁ ዛፍ።

«እዚያ በአባት ስም ነው አሉ የሚጠሩት» አለኝ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ።

«አዎ አባዬ፣ ላስት ኔም ይሉታል።»

«እንግዲህ እኔንም ይዘሽኝ ልትሄጂ ነው» አለና ወደ መኪናው ገፋ አደረገኝ። ማልቀስ ከለከለን። ሁላችንም ታዘዝነው፤ እስከ ሞጆ ድረስ ብቻ።

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ላይ የተቀበሉኝ የሟች እናቴ ጓደኛ እትዬ ብርሃኔ ናቸው። እሳቸው በኬንያ በኩል በስደተኝነት የመጡ፣ ዛሬ ግሮቭ ሲቲ የራሳቸው ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። ቤዝመንታቸው ውስጥ አልጋ ዘረጉልኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ኦቤትስ ያለ ዌርሀውስ ካርቶን ስካን የማድረግ ሥራ አስገቡኝ። ስለ አገሩ ምን ልበላችሁ? በስኳር ከተማ አጠገብ አድጌ ዳቦ ውስጥ ስኳር የሚጨምር ሕዝብ አይቼ አላውቅም ነበር። የየካቲት ፀሐይዋ ቁልጭ ብላ ትወጣለች፣ አታሞቅም። ሰዉ «ሃው አር ዩ» ይልሽና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ እኔ በመጀመሪያው ሰሞን ስለ ጤንነቴ ላስረዳ ስዞር ሰውየው ሊፍት ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ ሁሉ ነገር ተዘጋ። የእትዬ ብርሃኔ ልጅም ኮሌጁ ሲዘጋ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። «ማሚ፣ ዌር አም አይ ሰፖዝድ ቱ ስሊፕ?» አለች፣ የት ልተኛ ነው ማለቷ ነው፣ እኔ እዚያው ቆሜ። ሐበሻ እንግዳውን ውጣ አይልም፤ ስለ ቤት ኪራይ ማውራት ያበዛል እንጂ። እትዬ ብርሃኔ ስለ ቤት ኪራይ ማውራት አበዙ። ገባኝ፣ በስልኬ ያገኘሁት የኪራይ ቤት ላይ ሁሉ አፕላይ ማድረግ ጀመርኩ። ከሃያ ማመልከቻ ውስጥ የመለሰልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሚስተር ፕሩት ይባላል።

የሚስተር ፕሩት ኢሜይል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ማንም አሜሪካዊ ጽፎልኝ በማያውቀው አክብሮት የተሞላ ነበር። «ውድ ኦዳ-ሳን» ይላል፤ ሳን የጃፓኖች የአክብሮት መጠሪያ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ደብሊን የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የጃፓን መኪና መለዋወጫ ፋብሪካዎች መሐንዲሶች የሚኖሩበት አካባቢ ጥቂት ቤቶች አሉት። እንዲህ ያለ ታላቅ ስም ያላት ተከራይ ማግኘት ክብር መሆኑን ጽፎ፣ «ከጦር አለቃው ወገን ነዎት ወይስ ከአርቲስቱ?» ብሎ ጠየቀኝ። ግራ ገባኝና ስሜን ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። ለካ ኦዳ የጃፓን ቤተሰብ ስም ነው፤ ታዋቂዎቹ ኦዳዎች በዝርዝር ተቀምጠዋል። ጥንት አገሩን በሰይፍ ሊጠቀልል የነበረ የጦር አለቃ አለ፣ ዝላይ ዘላይ አለ፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት አለ፣ ሥዕላዊ ታሪክ የሚሠራ አለ፣ ዘፋኝ አለ። ሐና ራሱ እዚያ የሴት ስም ነው፣ አበባ ማለት ነው አሉ። ዝርዝሩን እስከ ታች ወረድኩት፤ አንድም የወንጂ ሰው የለበትም።

«ከክሬን ነጂው ወገን ነኝ» ብዬ መለስኩለት።

«ሃ ሃ፣ የጃፓኖች ትሕትና» ብሎ ጻፈ፣ ቅዳሜ መጥቼ ሊዙን፣ የኪራይ ውሉን፣ እንድፈርም ቀጠረኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጃፓናዊት እንደመሰልኩት ጠርጥሬ ነበር። አላረምኩትም። ያን ሰሞን ሰው ክብር ሲሰጠኝ ምክንያቱን የምጠይቅበት አቅም አልነበረኝም።

ቅዳሜ የናዝሬት ጎረቤቶቼ ያሰፉልኝን ቀሚስ ለብሼ፣ ለሥራ መመላለሻ በገዛኋት አሮጌ ቶዮታዬ ሄድኩ። ከኔ ነገር ጃፓናዊ የነበረው መኪናዬ ብቻ ነው። በሩን የከፈተው ማስክ ያደረገ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆነው ረጅም ሰው ነው። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ መኪናውን አየ።

«ሚስ ኦዳ መኪናው ውስጥ ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«አይ፣ የምጠብቀው ሐና ኦዳን ነው።»

«ሐና ኦዳ እኔ ነኝ።»

ስልኩን አውጥቶ ኢሜይሉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «ጃፓናዊው ባልሽ ነው?»

«ባል የለኝም።»

«የት ነው የተወለድሽው?»

«ናዝሬት።»

«የኢየሱስ ናዝሬት?»

«የኢትዮጵያ ናዝሬት» አልኩና ፓስፖርቴን ከፍቼ አሳየሁት።

«እንግዲያው» አለ ቃሉን እየጎተተ፣ «ከናዝሬት የመጣሽ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለሽ ጃፓናዊት ነሽ።»

«ጃፓናዊት ነኝ አላልኩም።»

«ስምሽ ብሏል።»

«ስሙ የአባቴ ነው።»

«አባትሽስ ከየት አመጣው?»

ከዛፍ ልለው ነበር፣ እንግሊዝኛዬ አላደረሰኝም። ቤቱ ከአንድ ሰዓት በፊት መያዙን ነገረኝ። በሩን ሊዘጋ ሲል ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፤ እስከ ዛሬ በእንቅልፌም እሰማዋለሁ። «እንዲህ ያለ ክቡር ስም መስረቅ ያሳፍራል» አለኝ።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ሁላችሁም ውጬ ዝም እል ነበር። ግን በቀጣዮቹ ሳምንታት ሌላ ሁለት ቦታ አፕላይ ሳደርግ ሁለቱም ወዲያው ከለከሉኝ። በሦስተኛው ቦታ ቢሮ የምትሠራ ልጅ አዘነችልኝና ኮምፒውተሯን አዙራ አሳየችኝ። እዚህ አገር የተከራይን ታሪክ የሚያጣራ ድርጅት አለ፤ እዚያ መዝገብ ላይ ከስሜ ጎን «በሐሰተኛ ስም አመልክታለች» የሚል ተለጥፏል። ጥቆማውን የሰጠው አከራይ ሚስተር ፕሩት ነው።

እትዬ ብርሃኔ ሲሰሙ አማተቡ። «ተዪው ልጄ፣ ለእግዜር ስጪው» አሉኝ።

«እግዜር ሥራ ይበዛበታል እትዬ። ይኼኛውን እኔ እይዘዋለሁ።»

ድርጅቱ ምልክቱን ለማንሳት፣ አባቴ በእርግጥ ኦዳ መባሉን የሚያረጋግጥ ባለማኅተም ወረቀት ጠየቀ። አባቴ ሰባ ዓመት አልፎታል። ማስክ አድርጎ ቀበሌ ሄደ፣ ሦስት ቀን ተሰለፈ። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ።

«ኦዳ መሆኔን የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች አምጣ አሉኝ» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ኦዳ ሲሉኝ የነበሩት እኮ ሞተዋል።»

ሁለት የፋብሪካ ጓደኞቹን ከወንጂ አስመጥቶ አስመሰከረ፣ ወረቀቱም ወጣ። በሳምንቱ አባቴ በኮሮና ታመመ። ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ተኛ። ከወረፋው ይያዘው ከሌላ ቦታ ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን ከወረፋው ነው ብዬ ወሰንኩ። ድኖ ሲወጣ እስከ ታክሲ መያዣው ሁለት ጊዜ ሳያርፍ መድረስ የማይችል ሰው ሆኖ ነው። ያን ክረምት አልጋውን ለልጅቷ ለቅቄ በቤዝመንቱ ሶፋ ላይ እየተኛሁ፣ ቀን ኦቤትስ ካርቶን ሳነሳ በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ፕሩት፣ ፕሩት እላለሁ። ከድርጅቱ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፤ «ጉዳዩ ተዘግቷል።» ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ኦቤትስ አጠገብ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ተከራየሁ፤ ያንን ባለማኅተም ወረቀት ክፈፍ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

በተከታዩ ጸደይ ክትባት ልወጋ ሄድኩ። ነርሷ በር ላይ ቆማ «ኤይች ኦዳ» ብላ ተጣራች። ተነሳሁ። ከኋላዬም አንዲት አጠር ያሉ ጃፓናዊት አሮጊት ተነሱ። ተያየን። ነርሷ ወረቀቱን አየች፣ ሁለታችንን አየች፣ «አንዳችሁ ተቀመጡ» አለች።

«የትኛዋ?» አሉ አሮጊቷ። ሁለታችንም ሳቅን።

ተወግተን አሥራ አምስት ደቂቃ ቁጭ በሉ ስንባል ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከጦር አለቃው ወገን መሆናቸውን ጠየቅኋቸው። ሚስስ ኦዳ እጃቸውን አወዛወዙ። «እሱ በሌላ ፊደል ነው የሚጻፈው። የኛ ትንሽ የሩዝ ማሳ ማለት ነው። የባሌ ቤተሰቦች ራዲሽ የሚባለውን ሥራ ሥር አሽተው በጨው የሚሸጡ ናቸው፣ አንድም ታዋቂ የለም።» የኔ ደግሞ ዛፍ መሆኑን ነገርኳቸው። «ጥሩ፣ ማሳው ጥላ አገኘ» አሉኝ። ከጃፓን ለሥራ የሚመጡ ቤተሰቦችን ከኤርፖርት የሚቀበል፣ ቤትና ትምህርት ቤት የሚፈልግ ትንሽ ቢሮ አላቸው። ሹፌራቸው ለቆባቸዋል። በማግስቱ ኮል አደረጉልኝ፣ ዌርሀውሱን ለቀቅኩ።

መጀመሪያ መኪና ብቻ ነበር የምነዳው። እንግሊዝኛዬ ከሳቸው ስለተሻለ ቀስ በቀስ ከአከራዮች ጋር የሚጻጻፈውን ሥራ ሰጡኝ። የምፈርመው «ኤይች ኦዳ» ብዬ ነው። የፈረንጆቹ ገና ሊደርስ ሲል አንድ ኢሜይል መጣ። «ውድ ኦዳ-ሳን፣ ለጃፓን ቤተሰብ የሚሆን ግሩም ቤት አለኝ።» ላኪው ሚስተር ፕሩት ነው። ያንኑ ቤት ነው የሚያከራየው።

ከዚያ በታላቅ አክብሮት መለስኩለት። ቤቱ በጣም እንደሚያምር፣ ሆኖም የጃፓን ቤተሰቦች ጫማቸውን ስለሚያወልቁ ምንጣፍ እንደማይወዱ ጻፍኩ። በሁለት ሳምንት ምንጣፉን በሙሉ ነቅሎ እንጨት አልብሶ ፎቶ ላከ። «ግሩም ነው። አንድ ነገር ብቻ» ብዬ በመግቢያው ላይ የጫማ መደርደሪያ ጠየቅሁ። አሠራ። የገላ መታጠቢያው ገንዳ ጥልቀት እንደሚያንሰው ነገርኩት። ግድግዳ አፍርሶ ቀየረው። በመጨረሻ የሽንት ቤቱ መቀመጫ በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ዓይነት መሆን እንዳለበት ጻፍኩለት። እሱንም ገጠመ፣ ፎቶውንም ላከ። ፎቶዎቹን ሁሉ ለአባቴ በስልክ እልክለታለሁ።

«ይህ የማን ሽንት ቤት ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የሰውየው ነገር የት ደረሰ?» ብሎ ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጤናዬ የሚጠይቀኝ።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። በመጋቢት ሞሪ የሚባሉ ቤተሰቦች ሁለት ልጆች ይዘው መጡ። ባልየው የፕሩትን ቤት ማስታወቂያ አይቶ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በራፉ ላይ ነው የሚቆመው። «ተይዟል» አልኩት። ሌላ ቤት እስኪገኝ ስድስት ሳምንት ሆቴል ተቀመጡ። አስቤዛ ይዤላቸው ስሄድ እናትየው የመታጠቢያ ቤቱ ሲንክ ጠርዝ ላይ ሩዝ ታበስላለች፣ ትንሹ ልጅ አልጋ ላይ የቤት ሥራውን ይሠራል። አየኋቸው። አንድ ስልክ ብደውል ቤት ይገቡ ነበር። አልደወልኩም።

በሰኔ መጀመሪያ ሚስተር ፕሩት ቀጠሮ ሳይኖረው ቢሮ መጣ። በቆንጆ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት ይዟል። ሚስስ ኦዳ በጀርባ ያለው ጠረጴዛቸው ላይ ናቸው፣ እኔ ፊት ለፊት ነኝ። አየኝ፣ አላወቀኝም። ስንት ቀን ስሙን ስጠራ የኖርኩት ሰው ፊቴን አያውቀውም።

«ሚስ ኤይች ኦዳን ፈልጌ ነበር።»

«እኔ ነኝ።»

ፈገግ ብሎ አለፈኝና ወደ ሚስስ ኦዳ ጎንበስ አለ። «አህ፣ ኦዳ-ሳን።»

«ኢሜይሉን የምጽፍልህ እኔ ነኝ» አልኩት። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎ አይለይም፤ እኔ ግን በሆዴ አንተ ነው ያልኩት። «ምንጣፉን ያስነቀልኩህ እኔ ነኝ። ገንዳውንም። የተወለድኩት ናዝሬት ነው።»

ያኔ ዓይኑ ቆመ። ከአንገቱ ጀምሮ ሲቀላ አየሁት። የአባቴን ባለማኅተም ወረቀት ወደ ሥራ አምጥቼው ስለነበር ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቼ ፊቱ ያዝኩለት፤ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ከታች በእንግሊዝኛ፣ ወይን ጠጅ ማኅተም ያለበት።

«ይህን ለማግኘት አባቴ ሦስት ቀን ተሰልፎ ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ተኝቷል። እንግሊዝኛው ላይ ያለውን ስም አንብበው።»

«እኔ ያኔ ጥንቃቄ ማድረጌ ነበር—»

«አንብበው።»

«ኦዳ» አለ ቀስ ብሎ።

ወደ ሚስስ ኦዳ ዞረ። «እሜቴ፣ እርስዎ ትክክለኛዋ ኦዳ ነዎት። ይህ ሁሉ ሥራ፣ ይህ ሁሉ ወጪ...»

ሚስስ ኦዳ ተነስተው ቆሙ። «ሁለታችንም ኦዳ ነን» አሉት። «ስለ ቤት የምትወስነው እሷ ናት።»

«ቤትህ አይፈለግም» አልኩት። «የሽንት ቤቱ መቀመጫ ግን ይሞቃል ይባላል። ተቀመጥበት።»

ቸኮሌቱን ይዞ ወጣ። ደስ አለኝ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ሚስስ ኦዳ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

«የሞሪ ቤተሰብ ይህን ቤት ጠይቀው ነበር?»

«አዎ።»

«ተይዟል ያልሻቸው አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ለሰውየው አላዘንኩም» አሉኝ። «ከነገ ጀምሮ ግን መኪና ብቻ ትነጃለሽ።»

የመኪናውን ቁልፍ እንጂ ኮምፒውተሩን አልነካሁም ከዚያ ወዲህ። የሚስስ ኦዳ ሰላምታ አልተለወጠም፣ በየጠዋቱ ሻይ ይቀዱልኛል፤ ስለ ማሳውና ስለ ጥላው ግን ዳግም አልቀለዱም። ሚስተር ፕሩት በክረምቱ ማብቂያ ቤቱን እንደሸጠ ሰማሁ። የሞሪን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሳደርስ በቤቱ ፊት አልፋለሁ፤ ትንሹ ሞሪ ከኋላ ወንበር በመስኮት ያየዋል፣ ምንም አያውቅም። እኔ መንገዱን ብቻ ነው የማየው።

ለአባቴ የነገርኩት ግን ፕሩት ቢሮ በመጣበት ሳምንት እሑድ ነው፣ እዚህ ጠዋት እዚያ ከሰዓት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«ስሜን አነበበው?»

«አነበበው።»

«በአፉ?»

«በአፉ አባዬ። ሁለታችን እየሰማን።»

«ጎሽ» አለ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ስልኩን ከአፉ ሲያርቀው ይሰማኛል። ሳለ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተመለሰ። ስለ ሞሪ ልጆች አልነገርኩትም ነበር፣ ያን ጊዜ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።

«አሁን ታዲያ እዚያ ምን ያስቀምጥሻል?»

«ሥራ አለኝ እኮ።»

«መኪና መንዳት እዚህም አለ። እኔ ያ ነገር እስኪያልቅ ነው ብዬ ነበር የጠበቅሁሽ። አላለቀም?»

አልቋል ማለት ነበረብኝ። ማቆሚያው ላይ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ መንገዱ ጭር ብሏል። «አባዬ፣ አይሰማኝም፣ መስመሩ ተበላሸ» አልኩት።

«ሄሎ» አለ። «ሐና። ሄሎ።»

ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም። በደንብ ይሰማኝ ነበር።